መጥረጊያው በራሱ እንዲሄድ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለብሌን፤

እንደምን ሰነበትሽ? ናቲስ እንዴት ነው? የእማማ ጉልበት ተሻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የናንተ ናፍቆት ብቻ ነው።

ናቲ በኃይሉ መጥረጊያ የሚያንቀሳቅስበትን፣ የላክሽልኝን ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት። «ለምንድነው እውነት የማይመስለው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሦስት ነገር አለ። ክሩ ይታያል። ምስሉ ላይ ጥቁር ጥላ ከላይ ወደ ታች እየተንሸራተተ ያልፋል። ሦስተኛውና ከሁሉም የባሰው ደግሞ ናቲ መጥረጊያውን አያየውም፤ የሚያየው ስልኩን የያዝሽውን አንቺን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ይስተካከላሉ። ሦስተኛው ካልተስተካከለ ግን ክሩ ጨርሶ ቢጠፋም ማንም አያምናችሁም። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

«ኤስኬፕ ቱ ዊች ማውንቴን»ን እንደገና ስታዩት አንዴ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። ፊልሙን ዲዝኒ ያወጣው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያዘጋጀው እንግሊዛዊው ጆን ሃፍ ነው። በዚያን ጊዜ በልጆች ፊልም ውስጥ ዕቃን በኮምፒውተር ሥሎ ማብረር የለም። ሥራው የእጅ፣ የክር፣ የትንንሽ ሞዴልና የካሜራ ብልሃት ነበር። ዛሬ ላይ ሆኖ ልብ ብሎ ያየ ሰው ብልሃቱ የት የት እንዳለ ይለያል። ቢሆንም ልዩ ኃይል ያላቸውን እህትና ወንድም፣ ቲያና ቶኒን እንከተላቸዋለን፤ ምክንያቱም የሚጫወቷቸው ኪም ሪቻርድስና አይክ አይዘንማን የሚያንቀሳቅሱትን ነገር ከልባቸው ያዩታል። ኃይሉ ያለው መጥረጊያው ላይ አይደለም፣ ልጄ፤ ልጁ ዓይን ላይ ነው። ክርና መብራት የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

እንዲህ አድርጉት። አንዱን ትዕይንት በሦስት ቁረጡት። በመጀመሪያው የናቲ ፊት ብቻ ይታይ፤ ወደ መጥረጊያው ይመልከት፣ ሁለት ሰከንድ ይቆይ፣ አየር ይሳብ። በሁለተኛው መጥረጊያው ብቻ ይታይ፤ መጀመሪያ ግማሽ ሰከንድ ጸጥ ብሎ ይቁም፣ ከዚያ ይንቀሳቀስ። በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ማለትም 25 ነጠላ ምስል፣ ስትቀርጹ ግማሽ ሰከንድ ማለት 12 ወይም 13 ፍሬም ነው። ይህችን ቆይታ አትዝለያት። ዕቃው ልጁ ባየበት ቅጽበት ከተነሳ ልጁ ያዘዘው ሳይሆን ዕቃው ልጁን ያስደነገጠው ይመስላል። በሦስተኛው ደግሞ ሌላ ሰው ያያል፤ ስለዚህኛው ሰው ቆይቼ እነግርሻለሁ።

የናቲን ፊት ለብቻው ስትቀርጪ መጥረጊያው በቦታው አይኖርም። «መጥረጊያ እንዳለ አስብና በዓይንህ ተከተለው» ብትይው አይችልም፤ የናቲ ስንፍናም አይደለም። የሰው ዓይን የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያገኝ እየተንሸራተተ ይከተላል፤ ባዶ ቦታ ላይ ግን እየዘለለ ነው የሚሄደው። ያ ዝላይ ቪዲዮው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስለዚህ አንድ ዱላ ጫፍ ላይ ቀይ ፕላስተር ጠቅልሉና አንድ ሰው ከካሜራው ዕይታ ውጭ፣ መጥረጊያው በሚሄድበት ፍጥነትና አቅጣጫ ያንቀሳቅሰው። ናቲ ቀዩን ይከተል። ዱላው ወደ ካሜራው በቀረበ መጠን የናቲ ሁለቱም ዓይኖች በደንብ ይታያሉ፤ ከሌንሱ ጎን አንድ ክንድ ያህል ቢርቅ ይበቃል። ቁመቱንም አስተካክሉ፦ መጥረጊያው መሬት ላይ ከሆነ ቀዩም ዝቅ ይበል።

አሁን ስለ ሃርሞኒካው። ቶኒ ዕቃ ሲያንቀሳቅስ ሃርሞኒካ ይነፋል፤ ይህ ለጌጥ የተጨመረ አይደለም። ሐሳብ አይታይም፣ አይሰማምም። ዝም ብሎ ግንባሩን የሚያኮሳትር ልጅ ምን እያደረገ እንደሆነ ተመልካች አያውቅም፤ ሃርሞኒካው ሲነፋ ግን ኃይሉ ሲጀምርም ሲያቆምም ይሰማናል። ናቲ ዋሽንት እየተማረ ነው ካልሽኝ ሃርሞኒካ አትፈልጉ። ዋሽንት ሁለቱንም እጅ ይይዛል፤ ሁለት እጁ የተያዘ ልጅ ክር ሊጎትት እንደማይችል ተመልካች ሳይነገረው ይገባዋል። በድምፁ በኩል ዋሽንቱ ከመጥረጊያው በሩብ ሰከንድ፣ ማለትም በ6 ፍሬም ያህል ይቅደም። ዋሽንቱ ሲቆም መጥረጊያው ወዲያው አይቁም፤ ትንሽ ተንገዳግዶ ይቁም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ፊልሙ የተወሰደው አሌክሳንደር ኪ በ1968 እ.ኤ.አ. ካሳተመው መጽሐፍ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ቲያ ድምፅ አውጥታ መናገር አትችልም፤ የምትለውን የሚሰማት ቶኒ ብቻ ነው። ፊልሙ ላይ ትናገራለች፣ ከወንድሟ ጋር ደግሞ በሐሳብ ታወራለች። ሁለቱም ዘንድ ግን ኃይሉ የተከፋፈለ ነው። ቶኒ ዕቃውን በሙዚቃው ያንቀሳቅሳል፤ ቲያ የተቆለፈ ትከፍታለች፣ የሚመጣውን አደጋ አስቀድማ ታያለች፣ ከእንስሳት ጋር ትግባባለች። በጻፍሽልኝ ታሪክ ውስጥ ሁሉን የሚችለው ናቲ ብቻ ነው፤ አንቺ ታይና ትደነቂያለሽ። ይህን ቀይሪው። አንቺም አንድ የራስሽ ነገር ይኑርሽ፣ ናቲ ደግሞ የማይችለው ነገር ይኑር። ሁሉን የሚችል ልጅ በር ቢቆለፍበት ማን ይጨነቃል?

ወደ ክሩ እንምጣ።

የተጠቀማችሁት ነጭ የስፌት ክር ነው፣ ከኋላው ደግሞ መስኮት አለ። ከኋላ የሚመጣ ብርሃን የትኛውንም ክር ያበራዋል። የዓሣ ማጥመጃ ናይሎን «የማይታይ» ነው ሲባል ሰምተሽ ይሆናል፤ ዓይን ላያየው ይችላል፣ ካሜራ ግን ያየዋል፣ ምክንያቱም ያብለጨልጫል። እናንተ ቤት ካለው ነገር የሚሻለው ጥቁር የፖሊስተር ስፌት ክርና ከኋላው ጠቆር ያለ መደብ ነው። ሳሎን ያለው ቡናማ ቁም ሳጥን ለዚህ የተመቸ ነው፤ እንጨቱ ላይ ያለው መስመር ክሩን ይውጠዋል። ክሩን ከመጠቀማችሁ በፊት በከሰል አሹት፤ የቀረችው አንጸባራቂነት ትጠፋለች። መስኮቱ ከካሜራው ጀርባ ወይም ከጎን ይሁን፣ ከመጥረጊያው ኋላ በፍጹም አይሁን። ስልኩን ከመጥረጊያው 3 ሜትር አርቃችሁ፣ በመጥረጊያው እጀታ መካከል ቁመት ላይ አቁሙት። ትራይፖድ ከሌለ ወንበር ላይ መጽሐፍ ደርድሩና ስልኩን በፕላስተር አጥብቁት፤ በእጅ ግን አትያዙት።

አንድ ክር ብቻ ከታሰረ መጥረጊያው ይሽከረከራል፤ ቪዲዮሽ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ሦስት ክር ያስፈልጋል። አንዱ ከእጀታው ጫፍ ወደ ላይ ይሄድና ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ሁለቱ ከታች፣ ከመጥረጊያው ፀጉር ግራና ቀኝ ታስረው መሬት ለመሬት ከዕይታው ውጭ ይወጣሉ። የላይኛውን የሚይዘው ሰው አንድ፣ የታችኞቹን የሚይዙት ሁለት፤ በአጠቃላይ ሦስት ሰው ነው። ቁም ሳጥኑ ላይ ጠንካራ እንጨት አስተኙና 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይውጣ፤ የኋላ ጫፉን በገመድ በደንብ እሰሩት። የወጣው ጫፍ ላይ የመርፌ ቁልፍ ቀለበት አንጠልጥሉና የላይኛውን ክር በቀለበቱ ውስጥ አሳልፉት። ክር በሻካራ እንጨት ላይ ሲጎተት ይንቀጠቀጣል፣ ቶሎም ይበጠሳል፤ ለስላሳ ብረት ላይ ግን ይንሸራተታል።

ክሩ መቻሉን እንዲህ ፈትኑት። ውኃ የሞላ ባለ 1 ሊትር ጠርሙስ አንድ ኪሎ ያህል ነው፤ ከመጥረጊያው ይከብዳል። በአንድ ክር አንጠልጥላችሁ አምስት ደቂቃ ተዉት። ከያዘ መጥረጊያውን ይይዛል። ከተበጠሰ የት እንደተበጠሰ እዩ፤ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ቋጠሮው ላይ ነው። ክርን የሚያደክመው ቋጠሮው ስለሆነ ሁለቴ ዙሪያውን ጠምጥማችሁ ቋጥሩና ላዩ ላይ ትንሽ ፕላስተር አድርጉ።

መጥረጊያውን ከመሬት አታንሡት። ፀጉሩ መሬቱን ይንካ፣ ይራመድ። የሚራመድ ነገር ክብደት ያለው ይመስላል፤ የተንጠለጠለ ነገር ግን ሁልጊዜ የተንጠለጠለ ይመስላል። አንድ እርምጃ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይሁን። ወደ ቀኝ ከመሄዱ በፊት እጀታው ትንሽ ወደ ግራ ያዘንብል፣ ልክ ሰው ሊዘል ሲል ጎንበስ እንደሚለው። ይህች ትንሽ ማዘንበል መጥረጊያው «አሰበ» የምታሰኝ ናት። ፊልሙ ላይ ሸሪፉ ልጆቹን ባሰረበት ትዕይንት መጥረጊያው እንዴት እንደሚያስደነግጠው ሄደሽ አስተያዪው። በሀብታሙ በቦልት ቤት ደግሞ ቶኒ አሻንጉሊቶቹን ሲያስጨፍር ብልጠቱን ልብ በዪ፦ አሻንጉሊቶቹ ድሮም በክር የሚንጠለጠሉ ናቸው! ክር ብናይ ማንም አይከፋውም። ችግሩን ከመደበቅ ይልቅ ችግር የማይሆንበት ቦታ ማስቀመጥ ይሉሻል ይኼ ነው።

ቀረጻው ሲያልቅ ስልኩን ሳትነኩ መጥረጊያውንም ክሩንም አንሥታችሁ ባዶውን ቁም ሳጥን 10 ሰከንድ ቅረጹ። ኋላ ኤዲት ስታደርጊ ክሩ የታየበት ቦታ ላይ ባዶውን ምስል ከላይ ደርበሽ በማስክ፣ ማለትም የምስሉን አንድ ክፍል ብቻ በሚያሳየው መሣሪያ፣ የክሩን ቦታ ብቻ ትሸፍኚበታለሽ። ካፕከት በሚባለው የስልክ ኤዲት ማድረጊያ ላይም ይሠራል። ይህ የሚሠራው ግን ስልኩ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ካልተነቃነቀና ብርሃኑ ካልተለወጠ ነው። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ስክሪኑን ጫን ብለሽ ያዢው፤ ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋል። ካልተቆለፈ ናቲ ነጭ ሹራብ ለብሶ ሲገባ ስልኩ በራሱ ያጨልማል፣ ሁለቱ ምስሎች አይገጥሙም። ደመናም እንዲሁ ያበላሻል፤ ሁለቱን ምስሎች በተቻለ መጠን በተከታታይ ቅረጹ።

ስለሚንሸራተተው ጥቁር ጥላ። ከኢንተርኔት የወሰድሽው ምክር «በ30 ፍሬም ቅረጹ» ይላል አይደል? ያ ምክር አሜሪካ ላይ ትክክል ነው። እዚህ የመብራቱ ኃይል 60 ሄርትዝ ነው፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ እናንተ ጋ 50 ነው፣ በእያንዳንዱም ምልልስ አምፖሉ ሁለቴ ይደምቃል። ፍሎረሰንቱና ብዙው ርካሽ ኤል ኢ ዲ አምፖል እናንተ ጋ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ይላል። ዓይን አይለየውም፣ ካሜራው ግን ይለየዋል። ሠላሳው ፍሬም ከመቶው ጋር ስለማይገጥም አንዱ ፍሬም ደማቁን፣ ሌላው ደብዛዛውን ያገኛል፤ ጥላው የሚንሸራተተው ለዚህ ነው። መፍትሔው በ25 ፍሬም መቅረጽና የሹተሩን ፍጥነት፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ማድረግ ነው። የናቲ ስልክ «ፕሮ» የሚል የቪዲዮ አማራጭ ካለው እዚያ ውስጥ ታገኚዋለሽ። አይፎን ከሆነ ካሜራ ሴቲንግ ውስጥ፣ የቪዲዮ መቅረጫው ሥር «ፓል» የሚለውን ስታበሪ 25 ይመጣል። ሁለቱም ከሌሉ አምፖሉን አጥፉና በመስኮት ብርሃን ቅረጹ። የፀሐይ ብርሃን አይርገበገብም፤ መብራት ሲጠፋም ሥራችሁ አይቆምም።

ከኋላ ዘርግቼ በኤዲት በሌላ ምስል የምተካው አረንጓዴ ጨርቅ ልግዛ ወይ ላልሽው፣ አትግዢ። አረንጓዴው ጨርቅ የራሱን ቀለም በዙሪያው ያለ ነገር ላይ ይረጫል፤ ቀጫጭን ነገር ላይ ደግሞ ክፉኛ ያስቸግራል፣ የመጥረጊያ ፀጉር ከቀጭንም ቀጭን ነው። ይህ ችግር አሮጌ ነው። ዲዝኒ በ1964 እ.ኤ.አ. «ሜሪ ፖፒንስ»ን ሲሠራ የተጠቀመው አረንጓዴ አልነበረም፤ ከተዋንያኑ ኋላ ያለውን ነጭ መጋረጃ በሶዲየም ቢጫ መብራት ያበሩት ነበር። ያ መብራት አንዲት በጣም ጠባብ የቀለም ክር ብቻ፣ 589 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለችውን ነው የሚሰጠው። ካሜራው ውስጥ ያለ ፕሪዝም ያቺን ቢጫ ለይቶ ወደ ሁለተኛ ፊልም ይልካታል፤ የቀረው ቀለም እንዳለ በመጀመሪያው ፊልም ላይ ይቀረጻል። ስለዚህ ፀጉርና ስስ ጨርቅ እንኳ ጥርት ብለው ይወጡ ነበር። ፔትሮ ቭላሆስ፣ ዋድስዎርዝ ፖልና አብ አይወርክስ በ1965 እ.ኤ.አ. በዚህ ሥራ ከኦስካር አካዳሚ ሽልማት ተቀብለዋል። ያ ፕሪዝም ቤታችን የለም፤ ቡናማው ቁም ሳጥን ግን አለ።

ብርቱካኑ ተንሥቶ ናቲ እጅ ላይ የሚገባበትን ክር አልባ አድርጊው። ወደ ኋላ ማጫወት ነው። ናቲ ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ ይልቀቀውና ቪዲዮውን ትገለብጪዋለሽ። ከ1 ሜትር የሚወድቅ ነገር ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ በ25 ፍሬም 11 ፍሬም ብቻ ነው፣ ዓይን ሳይጠግብ ያልፋል። ስልኩ ከቻለ በ50 ፍሬም ቅረጺና በ25 አጫውቺው፤ ጊዜው እጥፍ ይሆናል፣ ብርቱካኑም የሚንሳፈፍ ይመስላል። ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ፎጣ አንጥፉበት፤ ካልሆነ ብርቱካኑ ይነጥራል፣ ሲገለበጥ ደግሞ ከመነሣቱ በፊት ሁለት ሦስቴ ይዘላል።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ፊቱ ነው። ናቲ የመጨረሻውን ስሜት መጀመሪያ መሥራት አለበት። ብርቱካኑን ይዞ እየተደሰተ ይጀምራል፣ ሦስት ሰከንድ ሳይነቃነቅ ይቆያል፣ ይለቅቀዋል፣ ከዚያ ፊቱን ቀስ በቀስ ወደ ጭንቅ ይመልሰዋል። ጀርባው ላይ የሚያልፍ ሰው፣ የሚወጣ እንፋሎት፣ የሚቀዳ ውኃ አይኑር፤ እነዚህ ሁሉ ወደ ኋላ መሄዳቸው ይታወቃል። ድምፁንም ጣይውና አዲስ ቅጂ። ስኒና ጀበና ላይ ግን አትሞክሩት።

ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ይንሸራተት ያልሽው በማግኔት ይሆናል፣ ግን ቁልፉን አስቀድመሽ ፈትኚ፤ የናስ ቁልፍ በማግኔት አይሳብም። የጠረጴዛው እንጨት ወፍራም ከሆነ ማግኔቱ አቅም ያጣል። ሁለት ወንበር መካከል ስስ ካርቶን ዘርግታችሁ የጠረጴዛ ልብስ አልብሱት፤ ከሥር አንድ ሰው ማግኔቱን በዝግታ ይሳብ።

መኪናው ስለሚበርበት። ፊልሙ መጨረሻ ላይ ልጆቹን የሚረዳቸው ሽማግሌ መኪና፣ ያ እንደ ቤት የሚኖሩበት፣ ወደ ሰማይ ሲወጣ፣ የሚያሳድዳቸውም ሄሊኮፕተር ሲገለበጥ ናቲ እንደዘለለ ጽፈሽልኛል። ለናንተ የሚሆነው መንገድ አሻንጉሊት መኪናውን ወደ ካሜራው ማቅረብ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር የሆነች መኪና ከሌንሱ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ብትሆን ለካሜራው የምትታየው 6 ሜትር የሆነ እውነተኛ መኪና 24 ሜትር ርቆ እንደሚታየው ነው። ውጭ፣ ጠንካራ ፀሐይ ባለበት ሰዓት፣ ከጠዋቱ 3 እስከ 4 ሰዓት አካባቢ ሥሩት። የስልኩን ሰፊ ሌንስ ተጠቀሚ፤ በዙም ከቀረጻችሁ መኪናዋ ወይም ከኋላዋ ያለው ተራራ ይደበዝዛል፣ የተደበዘዘው ደግሞ መጠኗን ያጋልጣል። ፀሐዩ መኪናዋንና ተራራውን በአንድ አቅጣጫ ይምታ። በክር አንጠልጥሏት ግን ክሩ ከመኪናዋ ጣሪያ ላይ ከሁለት ቦታ ይነሣ፤ ካሜራውን አሻንጉሊቷ ቁመት ላይ ዝቅ አድርጉት።

እናንተ ተገልብጣችሁ የምትታዩበት ከሁሉም ይቀላል፤ ስልኩን ገልብጣችሁ ትቀርጻላችሁ። የሚያጋልጠው ፀጉርና የሚንጠለጠል ነገር ነው። ፀጉርሽን አጥብቀሽ ሥሪ፣ የአንገት ሐብል አውልቂ፣ ሹራብ ሱሪ ውስጥ ይግባ። ፊታችሁን ከአንገት በላይ ብቻ ቅረጹ፤ ትከሻ ከታየ ተቀምጣችሁ መሆኑ ይታወቃል።

በሐሳብ የምታወሩበትን ድምፅ ሳሎን ውስጥ አትቅጂ። ሳሎኑ ያስተጋባል፣ የሐሳብ ድምፅ ደግሞ ክፍል የለውም። ልብስ የሞላበት ቁም ሳጥን ክፈቺና ፊትሽን ወደ ልብሶቹ አድርጊ፤ ስልኩን ከአፍሽ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ያዢው። ፊት ለፊት ከሆነ «ፐ» እና «ጰ» ስትይ ትንፋሹ ይፈነዳበታል። ዝግ ብለሽ ተናገሪ፣ ግን አታንሾካሹኪ፤ ሹክሹክታ ምስጢር እንጂ ሐሳብ አይመስልም። ስትቀረጹ ደግሞ ከንፈር ፈጽሞ አይንቀሳቀስ፤ ሰሚው ግን ከመመለሱ በፊት አንድ ጊዜ ዓይኑን ጨፈን ያድርግ።

አሁን ያቆየሁልሽ ሦስተኛው ሰው። በመጽሐፉ ውስጥ ልጆቹን የሚረዳቸው ኦዴይ የካቶሊክ ቄስ ነው። ፊልሙ ላይ ሚስቱ የሞተችበት፣ ብቻውን የሚኖር፣ ለሰው ፊት የማይሰጥ ሽማግሌ ሆነ፤ ኤዲ አልበርት ነው የተጫወተው። ይህ ለውጥ ለፊልሙ ትልቅ ነገር ሠርቶለታል ብዬ አምናለሁ። ምንም ኃይል የሌለው፣ መጀመሪያ ልጆቹን የማይፈልግ፣ ቀስ በቀስ የሚያምን አንድ ትልቅ ሰው መኪናው ውስጥ አለ፤ እኛም ከእሱ ጋር እናምናለን። ልጆቹ ለራሳቸው ኃይል አይደነቁም፣ ለእነሱ የዘወትር ነገር ነው። የሚደነቅልን ሰው ያስፈልገናል። ለናንተ እማማ አሉ። መጥረጊያው ሲራመድ አንድ ጊዜ የእሳቸው ፊት ይታይ። «ደንግጡልን» አትበሏቸው፤ ትወና አይጠየቁም። ክሩን ሳታሳዩአቸው መጥረጊያውን አንቀሳቅሱና የመጀመሪያውን ፊታቸውን ቅረጹ፤ ሁለተኛ ጊዜ ያ ፊት አይገኝም። ቁጭ ብለው ይሁን ታዲያ፣ ጉልበታቸውን አስቢ። ሲጨርሱ ክሩን አሳዪያቸው፣ ይቅርታም ጠይቂያቸው።

አንድ ነገር በጥብቅ እነግርሻለሁ። ሰው አታንጠልጥሉ፤ ናቲ ምንም ያህል ቢለምንሽ። «ማቲልዳ» የሚለውን የ1996 እ.ኤ.አ. ፊልም ሲሠሩ ክፉዋ ርዕሰ መምህርት አንዲትን ልጅ በሹሩባዋ አዙራ የምትወረውርበት ቦታ አለ። ልጅቷን የያዛት የደኅንነት ቀበቶ ነበር፤ ሽቦዎቹ በሹሩባዋ ውስጥ አልፈው ተዋናይቷ ፓም ፌሪስ ጣቶች ላይ ተጠምጥመው ነበር። ስትዞር ኃይሉ በረታና የጣቷን ጫፍ ቀደደው፤ ተሰፋች። ባለሙያዎች ባሉበት፣ በጀት ባለበት ቦታ ነው ይህ የሆነው። ክርን በጣታችሁ ላይ አትጠምጥሙ፤ እንጨት ላይ አስራችሁ እንጨቱን ያዙ። በሰው አንገት ቁመት ላይ ክር አይዘርጋ፤ ጥቁር ክር በጨለማ መደብ ላይ እንዳይታይ አድርጋችሁ ነው የሠራችሁትና እናንተም አታዩትም። ዕረፍት ስትወጡ አውርዱት። ድመቷም ፊልሙ ላይ እንዳለችው እንደ ዊንኪ ትሁን ያልሽው ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን እሷን የሚያንቀሳቅሳት ከካሜራው ጎን የተያዘ ሥጋ ብቻ ይሁን።

ሁለተኛውንም ክፍል ማየት ከፈለጋችሁ በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣ አለ፤ ሁለቱም ልጆች ተመልሰውበታል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው አዲሱ ላይ ደግሞ አድገው በትንሽ ቦታ ብቅ ይላሉ፤ ፈልጊያቸው።

ቅዳሜ ሁሉንም አትጀምሩ። ብርቱካኑን ብቻ ቅረጹ፣ ከናቲ ፊት ጋር። ቀዩን ፕላስተር አትርሺ። ኤዲት ሳታደርጊ፣ የተበላሹትንም ጭምር ሁሉንም ላኪልኝ፤ ዓይኑ የት ላይ እንደዘለለ አብረን እናያለን። እማማን ሳሚልኝ።

የምትወድሽ እናትሽ